ለአምስት ዓመት ብቻ የተዋወቅናት እንቁራሪት

(በአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ! ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ የክበባችን ልጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ስለ እንቁራሪት ልትሰሙ ከቤታችሁ ወጥታችሁ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት እንቁራሪት ነው። ካሪቢያን ባሕር ላይ ፖርቶ ሪኮ የምትባል ደሴት አለች። ከመሃሏ ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ ካዬይ የሚባል ከተማ አለ። ከካዬይ በስተደቡብ በኩል ደግሞ ጭጋግ የማይለያቸው ተራሮች ተደርድረዋል። ታሪካችን እዚያ ተራሮች ላይ ነው። እዚያ የምትኖረው እንቁራሪት ወርቃማዋ ኮኪ ትባላለች። የሳይንስ ስሟ ኤሉተሮዳክቲለስ ጃስፐሪ ነው።

ይህችን እንቁራሪት ጆርጅ ድሩሪና ኪርክላንድ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስም አውጥተው ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቋት በ1976 ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1977 የአሜሪካ መንግሥት አደጋ ላይ ያለች ብሎ መዘገባት። በ1981 ታየች። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ያያት የለም። ፈልገዋት ነበር፤ ደግመው ደጋግመው ፈልገዋታል። የለችም።

እስቲ አስቡት። ስም ባገኘች በአምስት ዓመቷ! ብዙዎቻችን ልጅን መዋዕለ ሕፃናት በምናስገባበት ዕድሜ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይህች እንቁራሪት ምን ዓይነት ፍጥረት ናት? ሁለተኛ፣ ምን ወሰዳት? ሦስተኛ፣ እኛን ምን አገባን? የመጀመሪያው ላይ ረዘም ካደረግሁ ታገሡኝ፤ የምወደው እሱን ነው።

እሺ፣ አንደኛው። ሁላችሁም የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ። አሁኑኑ፣ ከኋላ ያላችሁትም። ወርቃማዋ ኮኪ እዚያ ላይ ትቀመጣለች። ርዝመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መልኳ ቢጫ ወርቅ ነው። ነጠብጣብ የለባትም፣ መስመር የለባትም። ከነወርቋ ብቻ።

ኮኪ የሚባሉት እንቁራሪቶች ብዙ ናቸው። ፖርቶ ሪኮና በዙሪያዋ ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ላይ 17 ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከነሱ መካከል በየጓሮው የሚጮኸው ተራው ኮኪ የአገሩ ሰው ዓርማ ነው። «ሶይ ዴ አኪ፣ ኮሞ ኤል ኮኪ» ይላሉ፤ እንደ ኮኪ የዚህ አገር ልጅ ነኝ ማለታቸው ነው። ቲሸርት ላይ አለ፣ ኩባያ ላይ አለ፣ ግድግዳ ላይ አለ።

ፖርቶ ሪኮ የሄድኩት ለሳይንስ መምህራን በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ነበር። የደረስኩ ዕለት ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ምንድን ነው የሚጮኸው? የሌባ ማስጠንቀቂያ ነው እንዴ?» አለችኝ። እንቁራሪት ነው አልኳት። «ተው ባክህ!» አለችኝ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላት። ዝም ብላ ትንሽ ሰማችና «ታዲያ በምን ትተኛለህ?» አለች። እውነቷን ነው። የአንዱ ወንድ ኮኪ ድምፅ በቅርብ ሲለካ፣ የድምፅ ኃይል በሚለካበት በዴሲቤል፣ 90 ይደርሳል። አንድ ጓሮ ውስጥ ስንት እንዳሉ እንግዲህ እናንተው ገምቱ።

ስለዚህ ድምፅ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ። ጩኸቱ ሁለት ክፍል አለው፤ «ኮ» እና «ኪ»። ናሪንስና ካፕራኒካ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1976 ባወጡት ጥናት፣ «ኮ» የሚለው ለሌሎች ወንዶች እንደሆነ አሳዩ። ቦታው ተይዟል፣ አትጠጋ ነው። «ኪ» የሚለው ለሴቶቹ ነው። የሚገርመው ጆሯቸውም እንደዚያው የተቃኘ መሆኑ ነው። የወንዱ ጆሮ ለመጀመሪያው ድምፅ፣ የሴቷ ጆሮ ለሁለተኛው ይነቃል። አንድ ጩኸት፣ ሁለት መልእክት፣ ሁለት አድማጭ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እጃችሁ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ፍጥረት ነው!

ወደ ወርቃማዋ እንመለስ። እሷ እንደ ተራው ኮኪ በየጓሮው አትገኝም። ቤቷ አንድ ዓይነት ነው። ብሮሚሊያድ የሚባል ተክል አለ፤ የአናናስ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ ብሮሚሊያዶች አፈር አይፈልጉም። ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ ገደል ላይ ተለጥፈው ያድጋሉ። ዛፉን ግን አይመጥጡትም፤ ቦታ ብቻ ነው የሚይዙበት። ቅጠሎቻቸው ከሥራቸው ተደራርበው ስለሚገጥሙ የዝናብ ውኃ እዚያ ይጠራቀማል። እንሰት ያያችሁ፣ ጉራጌ አገር፣ ሲዳማ፣ ከፋ ያደጋችሁ፣ ወዲያው ይገባችኋል። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ስርጉድ ቦታ የለም? ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚያቁር? ልክ እንደዚያ ነው።

እንሰትን ካነሳሁ አይቀር ይህንንም ልጨምር። እኛም አገር እንሰት ላይ የምትገኝ ትንሽ የዛፍ እንቁራሪት አለች። አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ትባላለች። በ1974 ነው የተመዘገበችው፤ ስሟም ከእንሰት የመጣ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ስሟን የሰማ አለ? እጅ አውጡ እስቲ። ... አያችሁ? ለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት።

ወርቃማዋ ኮኪ ዕድሜዋን ሙሉ ብሮሚሊያድ ውስጥ ነው የምትኖረው። ቀን ቅጠሉ ሥር ተሸጉጣ ትውላለች። ማታ ትወጣለች። ወደ ኩሬ አትወርድም፣ ወደ ወንዝ አትሄድም። መውለጃዋም እዚያው ነው።

«መውለጃዋ» ማለቴን ልብ ብላችኋል? እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር።

ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው የእንቁራሪት ታሪክ አንድ ነው። እንቁላል፣ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ታድፖል፣ ጭራ፣ እግር፣ ከዚያ እንቁራሪት። ሰሌዳ ላይ በቀስት አሳይተን እናስተምራለን፤ እኔም አስተምራለሁ። የኮኪ ዘመዶች ግን ከዚህ መንገድ ወጥተዋል። ውኃ ውስጥ አይጥሉም። ቅጠል ላይ፣ እርጥብ ቦታ ላይ ይጥላሉ። ታድፖል የለም። ጽንሱ እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ያድግና ሙሉ እንቁራሪት ሆኖ ቀድዶ ይወጣል። የተራው ኮኪ አባት ደግሞ እንቁላሎቹን ይታቀፋል። አዎ፣ አባትየው! እንዳይደርቁ፣ ሌላም እንዳይበላቸው ይጠብቃል።

ወርቃማዋ ኮኪ ከዚህም አንድ እርምጃ አልፋ ሄደች። እንቁላሉን ጭራሽ አልጣለችም። ሆዷ ውስጥ ያዘችው። አንድ ወር ገደማ ተሸክማ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ፣ እግርና እጃቸው የተሟላ፣ የሚዘሉ ልጆች ወለደች። ማርቫሊ ዌክ የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1978 የዚህችን እንቁራሪት አወላለድ አጥንታ አሳትማለች። ልጆቹ ሆድ ውስጥ ሳሉ የሚመገቡት የራሳቸውን የእንቁላል አስኳል ነው። ሁለቱ የእንቁላል ቱቦዎች ታች ላይ አንድ ሆነው ጽንሶቹን አብረው ይይዛሉ።

ይህ ምን ያህል ብርቅ ነው? በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያ ይታወቃል። ከነዚህ ውስጥ ሆዳቸው ውስጥ አሳድገው የሚወልዱት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ኮኪዎች በሚገኙበት ወገን ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። ከነዚያ ሁሉ ወላድ መሆኗ የታወቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ብቻ!

ባለፈው ዓመት ይህን ክፍል ውስጥ ሳወራ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ታዲያ እሷ ብትጠፋ እኛ ምን ይጎድልብናል?» አለ። ደፋር ጥያቄ ነው፤ ወደድኩት። ትንኝ ትበላለች ብዬ ልመልስለት እችል ነበር። ግን እሱ አይደለም መልሱ። እንቁላል ከመጣል ወደ መውለድ እንዴት ይታለፋል? ይህ የሕይወት ታሪክ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ እኛም ራሳችን የመጣንበት መንገድ ነው። የኮኪ ወገን ውስጥ እህቶቿ ሁሉ ይጥላሉ፣ እሷ ትወልዳለች። ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነበር የሚቀረው። ምን ተቀየረ? የትኛው ሆርሞን? የትኛው ጂን? ዛሬ ይህን የሚያጠና ሰው በሕይወት ያለች አንዲት እናት አያገኝም። ለተማሪዬ የነገርኩት ይህን ነው። ሁለተኛ ሊጠየቅ የማይችል ጥያቄ ጎደለብን።

ስሟን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ይህን ነጥብ ልዝጋ። «ጃስፐሪ» የተባለችው ጃስፐር ሎፍተስ-ሂልስ ለሚባል ወጣት አውስትራሊያዊ ሳይንቲስት መታሰቢያ ነው። ሥራው የእንቁራሪት ድምፅ ማጥናት ነበር። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ መንገድ ዳር ሌሊት የእንቁራሪት ድምፅ ሲቀዳ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሰላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እሱን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴ ይላወሳል። ጓደኞቹ ያገኙትን እጅግ ውድ ነገር በስሙ ጠሩለት። ያቺም ብዙ አልቆየች።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ምን ወሰዳት?

መጀመሪያ አገሯን እንይ። በጣም ጠባብ ነበር። ሴሮ አቪስፓ፣ ሞንቴ ኤል ጋቶ፣ ሌሎች ጥቂት ኮረብታዎች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ። በዓለም ላይ ያለችው እዚያ ብቻ ነበር። ኮረብታው ሲመነጠር ወደ ሌላ አትሰደድም። ያለ ብሮሚሊያድ አትኖርም፤ በሁለቱ ኮረብታ መካከል ያለውን ሜዳ አቋርጣ አትሄድም። ደግሞ የምትወልደው ጥቂት ነው። ሌላዋ እንቁራሪት በመቶዎች ትጥልና ብዙው ቢያልቅ የሚተርፍ አለ። እሷ አራት ልጅ ወልዳ ሦስቱ ቢሞቱስ?

የፖርቶ ሪኮ ደን ታሪክ ደግሞ ከባድ ነው። ሸንኮራ፣ ቡና፣ ትምባሆ ሲባል ተጨፈጨፈ። ካዬይ አካባቢ የትምባሆ አገር ነበር። በ1940ዎቹ ከደሴቲቱ በደን የተሸፈነው ከመቶ አሥር እጅ አይሞላም ነበር። «እንግዲያው የገደላት ምንጣሮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነበር። ግን ቆዩ። ከ1940ዎቹ በኋላ ሰው እርሻውን እየተወ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ አሜሪካ ሄደ። ደኑ ማገገም ጀመረ። ዛሬ ከደሴቲቱ ከግማሽ በላይ ደን ነው። እሷ የጠፋችው ደኑ እየተመለሰ ባለበት ጊዜ ነው! በእርግጥ የሷ ኮረብታዎች ላይ ምንጣሮውም ቃጠሎውም ቀጥሎ ነበር። ያ ብቻውን ግን ነገሩን አይፈታውም።

በዚያው ዘመን ሌሎች ኮኪዎችም መጥፋት ጀመሩ። በካርል ሽሚት ስም የተሰየመው፣ ወንዝ ዳር የሚኖረው ትልቁ ኮኪ ከ1970ዎቹ ወዲህ አልታየም። የኤነይዳ ኮኪ የሚባለው ደግሞ ከ1990 ወዲህ የለም። እነዚህ ሌላ ቦታ፣ ጥብቅ ደን ውስጥ ጭምር የነበሩ ናቸው። ጥብቅ ደን ውስጥ! ማንም ዛፍ ባልቆረጠበት!

ፓትሪሺያ በሮውስና ራፋኤል ሆግላር የሚባሉ የፖርቶ ሪኮ ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት ተከታተሉ። ያገኙት ሁለት ነገር ነው፤ ድርቅና ፈንገስ። ፈንገሱ ኪትሪድ ይባላል። እንቁራሪት በቆዳዋ ትጠጣለች፣ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፤ ፈንገሱ የሚይዘው ያንን ቆዳ ነው። ቆዳው ሲታመም በደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይዛባል። በመጨረሻ ልቧ ቀጥ ይላል። ይህ ፈንገስ ስም ያገኘው በ1999 ነው። ነገር ግን በ1970ዎቹ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ተይዘው ሙዚየም የተቀመጡ እንቁራሪቶች ሲመረመሩ ቆዳቸው ላይ ተገኘ። ማንም ሳያውቀው እዚያ ነበር ማለት ነው።

ድርቁ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ዝናብ ሲጠፋ እርጥብ ቦታ ያንሳል። እንቁራሪቶቹ በቀረችው እርጥበት ላይ ይሰበሰባሉ። ሲጠጋጉ በሽታው ይተላለፋል። ብቻውን ላይገድል የሚችል ድርቅ፣ ብቻውን ላይጨርስ የሚችል ፈንገስ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጨረሱ። ወርቃማዋንም የወሰዳት ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብለው ባለሙያዎች ይጠረጥራሉ፤ እኔም እዚያ ላይ ነኝ። ይህ የአንድ ደሴት ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ይህ ፈንገስ 501 ዝርያዎችን እንዳመነመነ፣ ከነሱም 90ው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ዘግቧል።

ካዬይ ራሴ ሄጃለሁ። እዚያ ያገኘሁት አንድ የባዮሎጂ መምህር በመኪናው ይዞኝ ወጣ። ማታ ነበር፣ ካፊያ ነበር። መንገድ ዳር አንድ ያዘመመ ዛፍ ላይ ብሮሚሊያዶች ተደራርበው በቅለዋል። ባትሪውን ሰጠኝና «ቀስ ብለህ ክፈተው፣ ቅጠሉን እንዳትሰብር» አለኝ። ሁለት ቅጠል በጣቴ ፈልቀቅ አደረግሁ። ሥሩ ላይ ቡና መሰል ውኃ አለ። ውኃው ላይ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ የሞተ ጉንዳን፣ የሚተራመስ የትንኝ እጭ። ከጠርዙ ላይ ቀጭን እግር ያላት ሸረሪት ሸሸች። ከዚያ ከቅጠሉ መገጣጠሚያ ሁለት ዓይኖች አበሩ። ልቤ ዘለለ! ባትሪውን አስጠጋሁ። ቡናማ ናት። ሌላ ኮኪ ናት፤ የተለመደች ዓይነት። ጓደኛዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና «ሁላችንም እንደዚህ ነው የምንሆነው» አለኝ። እሱ በወጣ ቁጥር ይከፍታል። ዛሬም ይከፍታል።

ሦስተኛው ነጥብ። እኛን ምን አገባን?

ባሌን የምታውቁ አላችሁ? ሐረና ደንን? እዚያ አካባቢ ሁለት የጉርጥ ዝርያዎች አሉ፤ አልቲፍራይኖይድስ ኦስጉዲና አልቲፍራይኖይድስ ማልኮልሚ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። የማልኮልም ጉርጥ በጣም ትንሽ ናት። የወንዱና የሴቷ ዘር የሚገናኘው ሆዷ ውስጥ ነው፤ እንቁላሏን ግን እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች። ልጆቿ ውኃ ውስጥ ሳይዋኙ ያድጋሉ። ወርቃማዋ ኮኪ በሄደችበት መንገድ ላይ ግማሽ ድረስ የሄደች ማለት ናት። ያቺ በጠፋችበት ዓለም ይህቺ የኛው ባሌ ላይ አለች! የኦስጉድ ጉርጥስ? ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ፍለጋዎች አልተገኘችም። ስሟን በዜና የሰማ አለ? እኔ አልሰማሁም። ያ ፈንገስም እዚህ አለ። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ እንደተገኘ በ2012 ታትሟል።

አገራችን ውስጥ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያ አለ። ከሲሶ በላይ የሚሆነው ሌላ የትም የለም። ስለ ዋልያ እንናገራለን፣ ስለ ቀይ ቀበሮ እንናገራለን፤ ልንናገርም ይገባል። እነዚህን ግን ማን ይቁጠራቸው? ማን ያዳምጣቸው?

ማዳመጥ ስል በምሳሌ አይደለም። በጆሮ ማዳመጥ ማለቴ ነው። ቅድም የጠቀስኩት ናሪንስ በ1983 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ኤል ዩንኬ የሚባለውን ተራራ በመንገዱ እየወጣ የኮኪዎችን ድምፅ ቀዳ። በ2006 ተመልሶ በዚያው መንገድ እንደገና ቀዳ። ሁለቱን ሲያስተያዩት ድምፁ ቀጥኗል፤ እንቁራሪቶቹም በአካል አንሰዋል። ሙቀት ሲጨምር የሚጠበቅ ለውጥ ነው። ማንም ሰው እዚያ ቆሞ በጆሮው ብቻ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የታወቀው የ1983ቱ ቅጂ ስለነበረ ነው። አንድ ሰው ቀድቶ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ስላስቀመጠ ነው።

ተስፋም አለ፤ ሳልነግራችሁ አልሄድም። በ2005 ነው። ከዋና ከተማዋ ሳን ሁዋን ብዙም በማይርቅ ረግረግ ላይ፣ ቶአ ባሃ በሚባል ቦታ፣ ኔፍታሊ ሪዮስ-ሎፔዝ የተባለ ተመራማሪ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማ። የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም። ተከታተለው። ኮኪ ያኔሮ የተባለ፣ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ በ2007 ስም ወጣለት። ሰው በሞላበት፣ መኪና በሚርመሰመስበት ደሴት፣ ከተማ ጥግ ላይ! እስከዚያ ድረስ ማንም አላወቀውም ነበር። ስለዚህ ካዬይ ላይ ያ መምህር ቅጠል መክፈቱን ባይተው እኔ አልፈርድበትም። እንዲያውም አብሬው ብሆን ደስ ይለኛል።

እናም ልጆች፣ ወላጆችም፣ ልመናዬ ይህ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ድምፅ መቅጃ አለ። ገጠር ዘመድ ጋ ስትሄዱ፣ ክረምት ሲገባ፣ ማታ ወንዝ ዳር ወይም እንሰት ጓሮ ውስጥ የእንቁራሪት ድምፅ ስትሰሙ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም በድምፃችሁ ተናገሩበት። የዝርያውን ስም ማወቅ የለባችሁም። ስሙን የሚያወጣ ሰው ወደፊት ይመጣል፤ ድምፁ ግን የዛሬው ዛሬ ካልተቀዳ አይገኝም። ክበባችን ይሰበስባል፣ በቦታና በቀን ለይቶ ያስቀምጣል። ከሐምሌ ጀምሮ ነው።

የመጀመሪያውን የማታ ጉዞ የምናደርገው ቅዳሜ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በር ላይ እንገናኝ። ቦት ጫማ፣ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ ያዙ። ጫማችሁን ከመምጣታችሁ በፊት በደንብ አጥባችሁ አድርቁ፤ ከሌላ ወንዝ ጭቃ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ፈንገሱ በጭቃም ይሄዳል። እንቁራሪት በእጅ አንይዝም፤ እናያለን፣ እንቀዳለን፣ እንመለሳለን። ከ12 ዓመት በታች የሆናችሁ ከወላጅ ጋር። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። ከኋላ፣ እጅሽን ቅድም ጀምሮ ያወጣሽው ልጅ፣ አንቺ ጀምሪ።